እልልታ የገዛው ማሲንቆ መቺ

አንድ ማሲንቆ መቺ ነበረ። ስሙ አንዳርጌ ነው። ይህን ስሙን የሚያውቁለት ግን እናቱና ነፍስ አባቱ ብቻ ነበሩ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በግራዝማች ውብነህ ቤት ዘፍኗል። ያወጣቸው ዜማዎች ከደጋ እስከ ቆላ ይዘፈናሉ፤ ሰው ግን «የማን ዘፈን ነው?» ሲባል «የግራዝማች ነዋ!» ይላል። ግራዝማች እንኳን ሊዘፍኑ ሲያስነጥሱም ዜማ የሚስቱ ሰው ናቸው። ምን ይደረግ! ቤቱ የሳቸው፣ ጠጁ የሳቸው፣ ዘፈኑም የሳቸው ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን አንዳርጌ በመንገድ ሲያልፍ አንድ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የእሱን ዘፈን ሲያንጎራጉር ሰማ። ደስ አለውና ጠጋ ብሎ «ይህን ያወጣው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሸማኔው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «የግራዝማች ነው። አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም እንዴ?» አለው። አንዳርጌ አንጀቱ አረረ። ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ግራዝማች ፊት ቆሞ «ጌታዬ፣ ያሰናብቱኝ። በራሴ ስም ልዝፈን» አለ።

ግራዝማች ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የያዘውን መልቀቅ የሚወድ ማን አለ? ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡና ሳቁ።

«ስም ነው የፈለግኸው? መልካም። እስከ ከርሞ መስቀል ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ዋስ ጥራ። አንድ ጊዜ የሰማህ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በስምህ ጠርቶ ሁለተኛ እንድትዘፍንለት ከጠየቀህ ነፃ ነህ፤ የሰጠሁህ ማሲንቆም ያንተ ነው። ካልሆነ ግን ተመልሰህ ትመጣለህ። የስም ነገር ሁለተኛ አይነሳም፤ በዚሁ ቤት በኔ ስም እየዘፈንክ ታረጃለህ።»

«አንድ ሰው ብቻ?» አለ አንዳርጌ፤ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«አንድ ሰው ብቻ።»

«ጌታዬ፣ ይሄማ ወር አይፈጅም!»

«መጀመሪያ የሚጠራህ ወሬው ነው» አሉ ግራዝማች። «ሁለተኛ የሚጠራህ ነው ሰው። ሂድ፣ እናያለን።»

አጎቱ አያ ፈንቴ ዋስ ሆኑት። አንዳርጌም ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከግራዝማች ግቢ ወጣ።

መቼስ ባለሙያ ሰው አንድ ሞኝነት አያጣውም፤ ሙያዬን ያየ ሁሉ በራሱ ይከተለኛል ብሎ ያስባል። አንዳርጌ በወረዳው ትልቅ የቅዳሜ ገበያ ገብቶ ቅቤ ተራው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማሲንቆውን ገዘገዘ፤ ከልቡ ዘፈነ። ሰዉ በፊቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻ ቆመለት። ዘፈኑን እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠብቆ «ወንድሜ፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ፍየል በዚህ ስታልፍ አላየህም?» አለው። ሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ፤ ሦስተኛውም።

በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ሰው መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ጓንጉል ይሉታል። ጓንጉል የሚሸጠው እህል አይደለም፣ ከብትም አይደለም፤ እልልታ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። እልል የሚሉ ስድስት ሴቶች አሉት፤ አንዷማ ድምጿን ስታወጣ ጅብ በቀን ጉድጓዱን ጥሎ ይወጣል። አራት አጨብጫቢዎች አሉት። ሁለት ደግሞ ኩታ ለብሰው ባለጠጋ መስለው የሚቆሙ፣ ዘፋኙ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፉ ሽማግሌዎች አሉት። ብሯ የጓንጉል ናት፤ ገበያው ሲፈታ ከዘፋኙ ግንባር ወደ ኪሱ ትመለሳለች። ቅዳሜ እዚህ፣ ማክሰኞ እዚያ ስትለጠፍ ከርማ ከብዙ ዘፋኝ ይልቅ እሷው ታዋቂ ሆናለች።

«ጎበዝ ነህ» አለ ጓንጉል። «ግን ወንድሜ፣ ሰው ጎበዝን አይከተልም። ሰው የሚከተለው ሰው ነው። ዘፍነህ ስትጨርስ ደጋንህን ዝቅ አድርገህ ወደኔ ገልመጥ በል። የኔ ሰዎች አገሩን ያናጉልሃል። ከምታገኘው እኩሌታው ለኔ ነው።»

አጠገባቸው የምትሸጥ ባለቅቤ ነበረች፤ እትዬ ደብሪቱ ይሏታል። ሃያ ዓመት ከዚያች ቦታ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ሁሉን ሰምታ ዝም ማለት አልሆነላትም።

«አንተ ልጅ፣ ገና ዘፈንህን ሳናውቀው እልልታው ምን አስቸኮለው?»

«እትዬ ደብሪቱ፣ ቅቤ ቢቆይ ይበስላል። እኔ ያለኝ ግን አንድ ዓመት ነው» አላት አንዳርጌ፤ ከጓንጉልም ጋር እጅ ተመታ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉድ ታየ። አንዳርጌ አንድ ዘፈን ዘፍኖ ገልመጥ ሲል እልልታው ገበያውን ቀወጠው። እህል የሚሰፍር ስፍሩን ጥሎ፣ በግ የሚያገላብጥ በጉን ለቆ ሮጠ። «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» «ማሲንቆ መቺ ነው!» «ማነው እሱ?» «አንዳርጌ ነው አሉ!» ብሯ ግንባሩ ላይ ተለጠፈች። እሷን ያዩ እውነተኛ ባለጠጎችም የራሳቸውን አከሉባት። ጥር ሲገባ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ይጠራው ጀመር፤ ክርስትናም ማኅበርም አልቀረው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ እሱም አካሄዱ ተለወጠ። አዲስ ኩታ ገዛ። ሰው ሰላም ሲለው ትንሽ ቆይቶ ነበር የሚመልስ።

ፋሲካ ሲደርስ ከሠላሳ የሚበልጥ ግብዣ ላይ ዘፍኖ ነበር። ዋሱ አያ ፈንቴ ሊጠይቁት መጡና እጁን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። ለመሆኑ ከነዚህ ሁሉ ሁለተኛ የጠራህ ማነው?»

አንዳርጌ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያውን ሠርግ አሰበ፤ ሁለተኛውን አሰበ። በቆሎ እሸት እንደሚፈለፍል ሰው አንድ በአንድ ሄደ። አንድም የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሠርግ የተመለሰውን ሰው «እንዴት ነበር?» ብትለው «ኧረ እልልታው! ኧረ ሰዉ!» ይልሃል። «ምን ዘፈነ?» ብትለው ራሱን ያካል። ሰዉ የሚመጣው ግርግሩን ሊያይ ነው፤ ይዞት የሚሄደውም ግርግሩን ነው። አንዳርጌ ይህን ሊያይ አልፈለገም። «እልልታው አንሶ ይሆናል» አለና ከጓንጉል ሦስት ሴቶች ጨመረ። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፋ ዘፋኝ ብቻ ነው!

ከዚህ የባሰ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገረም። አንድ ቀን የጓንጉል ሰዎች ዘግይተው ነበርና ብቻውን ዘፈነ። ዘፈኑ ሲያልቅ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። የአገራችን ሰው «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ለአንዳርጌ ግን ያቺ ጸጥታ ሞቱ ሆነች። ላብ አጠመቀው። ቶሎ ሌላ ዘፈን ጀመረ፤ ያም ሲያልቅ ሌላ። የጓንጉል ሰዎች ከሩቅ ሲመጡ ባየ ጊዜ እፎይ አለ።

በዚያ ሰሞን ከተራራው ማዶ መልእክተኛ መጣ። አያ ደርበው የሚባሉ የተከበሩ ባላገር ልጃቸው ሞቶባቸው ነበር። ይርጋ ይባል ነበር። ግንድ ሊቆርጥ ወጥቶ ዛፍ ወድቆበት ነው። በዚያ አገር ወግ አርባው ሲወጣ በተዝካሩ ላይ አንድ ማሲንቆ መቺ የሟቹን ኑሮ በዜማ ያወሳል። አያ ደርበውም ወሬውን ሰምተው «አንዳርጌ የሚሉት ይምጣልኝ» አሉ።

መንገድ ላይ መልእክተኛው ወጉን ሲያወጋ አንድ ነገር ተናገረ። ይርጋ በዚያች ጠዋት ሲወጣ ለአባቱ «ላመሽ እችላለሁ፤ ደጁን አትዝጋ» ብሎ ነበር። አያ ደርበው ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃቸውን ዘግተው አያውቁም። አንዳርጌ ይህን ሰምቶ ዳገቱን እየወጣ በልቡ ግጥም ይገጥም ጀመር። ከብዙ ወር በኋላ እንደ ድሮው ሆነ፤ ዘፈን ከውስጡ መጣ።

ጓንጉልና ሰዎቹ ግን ከኋላው ነበሩ። ተውኝ ሊላቸው አስቦ ነበር፤ ያቺ ጸጥታ ታወሰችውና ፈራ።

«ጓንጉል፣ የምንሄድበት ሐዘን ነው። ዝም ትላላችሁ።»

«ጌታው፣ አንተ ካልገለመጥከን እኛ ድንጋይ ነን» አለ ጓንጉል።

ዳሱ በሰው ሞልቷል። አያ ደርበው ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል። አንዳርጌ ማሲንቆውን አነሳና የይርጋን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ አወሳ። መጨረሻ ላይ ድምጹን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፤

ደጁ ሳይዘጋ አደረ፣ ማን ይዝጋው ከእንግዲህ፣
«ላመሽ እችላለሁ» ብሎ ወጥቶ ቀረ እንዲህ።

ደጋኑን አወረደ። ዳሱ ጸጥ አለ። የሚያለቅስ የለም፣ የሚንቀሳቀስ የለም። አያ ደርበው ወደ ቤታቸው ደጅ እያዩ ናቸው። ጸጥታው ቀጠለ። አንዳርጌ «አልወደዱትም» አለ በልቡ። ጸጥታው አሁንም ቀጠለ። «አለቀልኝ። ምንም አላልኳቸውም።» ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ምን እንዳደረገ ሳያውቀው፣ እንደለመደው፣ ወደ ጓንጉል ገልመጥ አለ።

ዘጠኝ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት! አጨብጫቢዎቹ አጨበጨቡ! ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ተንደርድሮ መጥቶ ብሯን ግንባሩ ላይ ለጠፋት። በሐዘን ዳስ፣ በአርባ ቀን ተዝካር! እኔ ይህን ስናገር ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

አያ ደርበው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ ስለሞተ ደስ ያለው ማነው?» አሉ።

የጓንጉል ሰዎች በዳሱ ጀርባ እየሾለኩ ወጡ። ጓንጉልም በዚያ ሁሉ መሃል ብሯን ከአንዳርጌ ግንባር ላይ አንስቶ መሄዱን አልረሳም። አንዳርጌን የሟቹ ዘመዶች ትከሻውን ይዘው ከግቢ አስወጡት፤ ያልደበደቡት ለሟቹ ክብር ሲሉ ነው።

ስም ፈልጎ አልነበር? አገኘ። በሦስተኛው ቀን እረኛው ሁሉ፣ ውሃ የምትቀዳው ሁሉ እንዲህ እያለ ይዘፍንበት ነበር፤

አንዳርጌን አትጥሩት ሐዘን ከደረሰ፣
እልል ያሰኛል ሰው እያለቀሰ።

የጠሩት ሠርገኞች ሰረዙት። ጓንጉልም ሌላ ዘፋኝ ያዘ። አንዳርጌ አዲሱን ኩታውን ሸጦ ቅቤ ተራው ጫፍ መጣና እትዬ ደብሪቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ወደ ግራዝማች መመለሴ ነው።»

«ዓመቱ አለቀ እንዴ?»

«አምስት ወር ይቀረዋል። ግን ምን ዋጋ አለው? ስሜ ጠፋ።»

እትዬ ደብሪቱ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ለአንዲት ሴት ሰጠችና ከላይ ትንሽ ቆንጥራ ምርቃት ጨመረችላት። ከዚያ ወደሱ ዞረች።

«አንድ ጊዜ ቅቤ አምጪዬ የተቀላቀለ ሰጥታኝ ሳላውቅ ሸጥኩት። ለሰባት ቤት። ሳውቅ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? ሰባቱንም ደጅ በእግሬ ዞርኩ። "የሸጥኩላችሁ ንጹህ አልነበረም፤ ይኸው ምትኩ" አልኳቸው። ሦስቱ ሰደቡኝ። አንዷ የእጣቢ ውሃ ደፋችብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከሰባቱ ስድስቱ ዛሬም ደንበኞቼ ናቸው። እጣቢ የደፋችብኝ ሦስት ልጆቿን ስትድር ለሦስቱም ድግስ ቅቤ የወሰደችው ከኔ ነው።»

«ሰባተኛውስ?»

«እሱ ሰካራም ነበር። እሱስ መቅረቱ ይሻላል» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አሁን ተነስና የበደልከው ቤት ሂድ። ያን የቅጥር እልልታህን ግን እዚህ ጥለህ ነው የምትሄድ። የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

አንዳርጌ ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ተራራውን አቋርጦ አያ ደርበው ደጅ ተንበረከከ። አያ ደርበው ብዙ አስጠበቁት። ጥላው ከእግሩ ሥር ተነስቶ እስኪረዝም ድረስ ድንጋዩን አላወረደም። በመጨረሻ ወጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «ያን ዕለት ምን ሆነህ ነው?»

አንዳርጌ መዋሸት አልቻለም። «ዝም ስትሉ ፈራሁ፣ አባቴ። ዘፈኔን የጠላችሁት መሰለኝ።»

«የጠላነው?» አሉ አያ ደርበው። «አንተ ስታቆም የይርጋን ኮቴ ሰማሁ። በደጁ ሲገባ ሰማሁት እኮ! ዝም ያልኩት እሱን እየሰማሁ ነው። አንተ ግን መልሰህ አስወጣኸው።»

አንዳርጌ ግንባሩን መሬት አስነክቶ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹም አለቀሱ። አያ ደርበው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት።

«ይቅር ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበልህ። ስምህ ግን በዚህ ቤት አይነሳ።»

እንግዲህ ስሙን ፍለጋ የወጣ ሰው ይህን ተቀብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ አንዳርጌ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ቅቤ ተራው ጫፍ መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ አልቀረም፤ በሐምሌ ዝናብም ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል። መጀመሪያ እየሰደቡት ያልፉ ነበር። ያቺን በእሱ ላይ የወጣች የእልልታ ግጥም ፊቱ ቆመው የሚዘፍኑበትም ነበሩ። እሱ ዜማውን ተቀብሎ በማሲንቆው ያጅባቸዋል፤ «አሳመራችኋት፤ እውነትም ናት» ይላቸዋል። በራሱ ላይ ሲቀለድበት የሚያጅብ ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ አይሰደብም።

እትዬ ደብሪቱን ያይ ነበር። የትኛዋ ለጋ፣ የትኛዋ በሳል እንደምትወድ ታውቃለች። «ባልሽን ተሻለው?» ትላለች። እሱም እንዲሁ ሰው ያስተውል ጀመር። ቅቤ ለመግዛት የቆሙትን ሴቶች ስማቸውን ጠየቀ። አራስ ያላት የእሹሩሩ ዜማ አለላት፤ ከአማቷ የተጣላች ሳቅ የሚያመጣ ግጥም አለላት። ዘፍኖ ሲጨርስ ማንንም አይገላምጥም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው እንደ እሳት ይፈጀው ነበር። ኋላ ግን ሰማው። አንዷ ትተነፍሳለች፤ አንዷ «ወይ ጉድ» ትላለች፤ አንዷ ምንም ሳትል በሚቀጥለው ቅዳሜ እህቷን ይዛ ትመጣለች።

ገበያው ሊፈታ ሲል ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ግጥም ለሁሉም ይመርቅ ነበር፤

ገበያው ሊፈታ ነው፣ ግቡ በጊዜ ቤት፣
የዛሬ ሳምንት ያገናኘን በሕይወት።

ከዚያ «አንዳርጌ ነኝ። ቅዳሜ እዚሁ ነኝ» ይላል። ሌላ ነገር አይጨምርም። ግጥሟ አጭር ናትና ለመሸከም አትከብድም፤ ሴቶቹ ከቅቤው ጋር ይዘዋት ይሄዳሉ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ የአያ ደርበው ልጅ አንጓች ነበረች። አንድ ቀን ላም እያለበች ሳታውቀው ያቺን የገበያ መፍቻ ታንጎራጉር ነበር። አያ ደርበው ሰምተው ቆሙ።

«ይሄ የማን ዜማ ነው?»

አንጓች ደነገጠች። ስሙን እንዳታነሳ ተከልክላለች። «የ... የዚያ ሰው ነው፣ አባባ።»

አያ ደርበው አልባ እስክትጨርስ ከበረቱ አልራቁም።

መስከረም ጠባ። መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀረው፤ በአንዳርጌ ዙሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይሰበሰባል፤ ነገር ግን ያ የእልልታ ነገር ገና ስላልተረሳ በስሙ ጠርቶ ሁለተኛ ዝፈንልኝ የሚለው አልተገኘም። ግራዝማችም «ክፍልህን አስጠርጌልሃለሁ» ብለው ላኩበት። አያ ፈንቴ እንቅልፍ አጡ። በዚያው ሳምንት ከተራራው ማዶ መልእክተኛ ደረሰ። «የይርጋ መንፈቅ ነው። አያ ደርበው "ያ ሰው ብቻውን ይምጣ" ብለዋል» አለ።

«በስሙ ጠርተውታል?» አሉ አያ ፈንቴ ልባቸው ተንጠልጥሎ።

«አልጠሩትም። "ያ ሰው" ነው ያሉት።»

አንዳርጌ ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ሄደ። ዳሱ እንደ ያኔው ሞልቷል። ግራዝማች ውብነህም ለአያ ደርበው የሩቅ ዘመድ ናቸውና ከፊት ተቀምጠዋል። አያ ፈንቴም ከኋላ ቆመዋል። ሰዉ ሁሉ እያየው ነው፤ አንዳንዱ ዛሬስ እልልታው ከየት ይመጣ ይሆን እያለ ዙሪያውን ይቃኛል። አንዳርጌ ተቀመጠና ያንኑ የይርጋን ዘፈን ከመጀመሪያው ዘፈነ። የደጁ ስንኝ ላይ ሲደርስ ድምጹን ዝቅ አደረገ። ጨረሰ። ደጋኑን አወረደ።

ዳሱ ጸጥ አለ።

እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ወደ ማንም አላየም። ጸጥታው ቀጠለ። ከውጭ አንዲት ጥጃ እናቷን ጠራች። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ሊጠራርጉ ፈልገው ተዉት። የአንዳርጌ ዓመቱ፣ ማሲንቆው፣ ስሙ፣ ሁሉም በዚያች ጸጥታ ውስጥ ነበር። ግን አልነካትም። አያ ደርበው ወደ ደጃቸው እያዩ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ፊታቸው ፈገግ አለ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ በቀስታ፣

«አንዳርጌ» አሉ፤ «ድገመው።»

ደገመው። በሁለተኛው ላይ ግን ብቻውን አልነበረም፤ አንጓች ከሴቶቹ መሃል ተቀበለችው፣ ሌሎቹም ተቀበሉት። ግራዝማች በዚህ መሃል ወደ አያ ፈንቴ ዞር ብለው «ዋስትናውን ፈትቼዋለሁ። ማሲንቆውም የሱ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ለራሳቸው ያህል «ጥሩ ዘፋኝ አጣሁ» አሉ።

ወዳጄ፣ ዛሬ እልልታ ነጋዴው ገበያ መሃል ቁጢጥ አይልም። ስልክህ ውስጥ ገብቷል። አሥር ሺህ ተመልካች፣ ሃያ ሺህ ልብ፣ በአንድ ቀን ይሸጥልሃል፤ ያቺው ብርም ከግንባር ግንባር ስትዞር ትውላለች። በራስህ ቆመህ ለምትዘፍን ሰው ፈተናው ከባድ ነው፤ ዝም ሲሉህ የጠሉህ ይመስልሃልና። እኔ ግን አትፍራ እልሃለሁ። ቦታህን ያዝ፣ ቀንህን አትሳት፣ ስምህን ንገራቸው፣ ይዘውት የሚሄዱት አንድ ነገር መርቅላቸው። ያጠፋህ እንደሆነም ድንጋይህን ተሸክመህ በፊት ለፊት ሂድ። ሰው ሳያይህ ሲያንጎራጉርህ ያን ጊዜ ስም አለህ፤ ያን ስም ደግሞ ማንም እልልታ ነጋዴ ሊሰጥህ፣ ማንም ጌታ ሊወስድብህ አይችልም።

እስቲ አንተም ራስህን ጠይቅ። አንድ ጊዜ የሰማህ ሰው ስምህን ጠርቶ «ድገመው» ብሎህ ያውቃል? ካላለህስ፣ የጎደለህ እልልታ ይመስልሃል?